«ምን ይበላል?» ይሉ የነበሩት አጎቴ

ያ የማይረባ ፓምፕ የሁለት በሬ ዋጋ በላኝ። አጎቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የሚሠራ ነገር ባዩ ቁጥር፣ አህያም ይሁን ወፍጮ፣ «ምን ይበላል?» ሳይሉ አያልፉም ነበር። አርዲቦ ሐይቅ ዳር ላለው ማሳዬ ፓምፑን ያመጣውን ሻጭም ጠየቁት።

«ነዳጅ የለ፣ መብራት የለ። ምንም አይበላም፣ አባቴ!»

«ታዲያ ውሃውን በምን ጉልበት ሊያወጣው ነው?»

«አያ፣ አንቱ የሚያውቁት አህያ ብቻ ነው» ብዬ በሰው ፊት ሳቅሁባቸው።

ፓምፑ በሦስተኛው ቀን ቆመ። ስፈታው ከሆዱ ያበጠ ባትሪ ወጣ፤ ለካ ሲበላ የሰነበተው እሱን ነው። ሽታው አስጠላኝ፤ ይበልጥ ያስጠላኝ ግን የራሴ ሳቅ ነው። ጥፋቴን ላምንላቸው ስነሳ መርዷቸው ቀደመኝ።

ዛሬም ሻጭ ደጄ ይመጣል፤ «ምን ይበላል?» ብሎ የሚጠይቅልኝ የለም። ፓምፑን ለቁራሌው ሰጠሁት። አጎቴን ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም።