በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም

የአባቴ ነዳጅ ማደያ ሁለት ፓምፕ ብቻ ነበራት፤ አንዱ ለቤንዚን፣ አንዱ ለናፍጣ። ከደብረ ማርቆስ መውጫ፣ የደብረ ኤልያስ ሚኒባሶች በሚያልፉበት መንገድ ዳር ነበረች። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ እዚያው ቀጂ ሆንኩ። ጸጉሬ ስንት ጊዜ ቢታጠብ ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር።

ነዳጅ የሚያመጣልን ትንሽ ኩባንያ እየደከመ ሄደ። በየሳምንቱ ይመጣ የነበረው ቦቴ በወር አንዴ መምጣት ጀመረ፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይቀራል። ሾፌሮቹ "ዛሬም ጾም ነው?" እያሉ ያሾፉብናል። በዚያው ሰሞን አንድ ትልቅ የነዳጅ ኩባንያ እንደኛ ያሉትን ትንንሽ ማደያዎች እየገዛ፣ ባለቤቶቹን በደመወዝ ኃላፊ ያደርጋቸዋል የሚል ወሬ ተሰማ። ሌላው ባለ ማደያ ሲያዝን አባቴ ደስ አለው።

"እነሱ ከገዙን አንቺ መምህራን ኮሌጅ ትገቢያለሽ" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምኖረው በዚች ቃል ነበር።

አንድ ቀን ከኩባንያው ሁለት ወጣቶች መጡ። አባቴ አዲሱን ጋቢውን ደርቦ ተቀበላቸው፤ እኔም ጠላ ቀዳሁላቸው። እነሱ ግን ገና ሳይቀምሱት ወረቀት አወጡ።

"አባታችን፣ ማደያውን ይሸጡልናል? እርስዎም ከእኛ ጋር ይሠራሉ" አለ አንደኛው።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። "ልጆቼ፣ አክብራችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ቤተ ዘመድ ሳላማክር ቃል አልሰጥም። ደግማችሁ ኑ።"

"ዛሬ መልስ ይዘን መሄድ አለብን።"

"እንግዲያማ ዛሬ አይሆንም" አለ አባቴ፣ ፈገግ ብሎ።

ወጣቱ ወረቀቱ ላይ "አልተስማሙም" ብሎ ሲጽፍ ከአጠገቡ ቆሜ አየሁት። በእኛ ደንብ ሽማግሌ ሲላክ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። ቶሎ እሺ ያለ ቤት የሚደብቀው ጉድለት አለበት ይባላል። አባቴ ራሱ እናቴን ያገኛት ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ ደጅ ጠንተው ነው። እንግዲህ ኩባንያውንም እንደ አማች ነው የቆጠረው! "አባዬ እኮ ይፈልጋል" ማለት ነበረብኝ። ግን በእንግዳ ፊት አባትን ማረም ነውር ነው ተብዬ ስላደግሁ ማንቆርቆሪያዬን ይዤ ተገተርኩ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለውን ሰው ባገኘው ዛሬም እሰድበዋለሁ።

"ወደዱን" አለኝ አባቴ እንደወጡ።

"አባዬ፣ አይመለሱም። አልተስማሙም ብለው ጽፈዋል።"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ልጄ። የፈለገ ሰው ይመለሳል።"

በየሳምንቱ ጠላ ተጠመቀ። መኪና በቆመ ቁጥር አባቴ ጋቢውን ይደርብና ይወጣል፤ የሚያገኘው ግን ናፍጣ የሚጠይቅ ሾፌር ነው፤ ናፍጣ ደግሞ የለም። ከዚያ ከመንገዱ ማዶ ያለው የጎረቤታችን የገብስ ማሳ በቆርቆሮ ታጠረ። አጥሩ ሲነሳ የትልቁ ኩባንያ ስድስት ፓምፕ ተተክሎ አየን።

አባቴ በማግስቱ ባሕር ዳር ድረስ ሄደ። ቢሯቸው ገብቶ "ይኸው እሺ ብያለሁ" አላቸው። "ፋይልዎ ተዘግቷል" አሉት። ሲመለስ ከደረቀው ፓምፕ ሥር ተቀምጦ አለቀሰ። አባቴን ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ኮሌጁም ማደያዋም አብረው እንደሞቱ ገባኝ።

ክረምቱ እንደወጣ ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። የአሁኖቹ የመጡት ለእኔ ነው፤ የላካቸው ደግሞ በመልክ እንኳ የማላውቀው እህል ነጋዴ ነበር። ቢሆንም አልደነገጥኩም። በደንቡ ሁለት ጊዜ ተመላልሰው፣ በሦስተኛው ነው የሚፈቀድላቸው። እስከዚያ በአባቴ እግር ላይ ወድቄ እለምነዋለሁ፤ አንድ መላ አይጠፋም ብዬ ጓዳ ውስጥ ሆኜ አዳምጥ ጀመር።

ትልቁ ሽማግሌ ተነሥተው "ልጅዎን ለልጃችን…" ማለት ሲጀምሩ አባቴ አላስጨረሳቸውም።

"እሺ" አለ። "እሺ ብያለሁ። ዛሬውኑ እሺ ብያለሁ።"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ አንደኛው ቀስ ብለው ጠየቁ፦

"ልጂቱ… ጤነኛ ናት?"