በጋሽ ታፈሰ ጣሪያ አናት ላይ ያለችው ኮከብ

ኮልፌ በተከራየሁበት ቤት ቴራስ ላይ፣ መሸት ሲል በሩቅ ማያ መነጽር ወደ ሰሜን አያለሁ፤ ያየሁትንም ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ችግሩ፣ በሰሜን በኩል ያለው የጎረቤቴ የጋሽ ታፈሰ ቤት ነው።

አንድ እሁድ አመሻሽ ላይ ጋሽ ታፈሰ ሽማግሌዎች ይዘው መጡብኝ። «ይሄ ልጅ ቤቴን እየሰለለ ይመዘግባል» አሉ። አከራዬ እትዬ አስካለ ደብተሬን ሲገልጡት ቀን፣ ሰዓትና ቁጥር ብቻ ነው። «በል ቤቴን ልቀቅልኝ» አሉኝ።

«የምመዘግበው ኮከብ ነው» አልኩ። «ትነፋለች፣ መልሳ ትኮማተራለች። በየአምስት ቀን ከዘጠኝ ሰዓቱ ትደምቃለች።»

«ይሄ ምን ይረባል?» አሉ ጋሽ ታፈሰ።

«አምፖሉ ባለ መቶ ሻማ መሆኑን ካወቁ፣ ከሩቅ ሲያዩት ርቀቱን ይገምቱ የለ? ኮከቧም ስንት ሻማ እንደሆነች የሚታወቀው ደምቃ፣ ደብዝዛ፣ እንደገና እስክትደምቅ ከሚፈጅባት ጊዜ ነው። ሊቃውንቱ የሰማይን ርቀት የሚለኩት በእንዲህ ያሉት ኮከቦች ነው።»

ማንም አላመነኝም። መነጽሩን በየተራ ሰጠኋቸው። «አሁን ከጎኗ ካለችው ኮከብ በድምቀት ታንሳለች። ከነገ ወዲያ ካልበለጠቻት ቤቱን እለቃለሁ።»

ማክሰኞ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ደርበው ቴራሱን ሞሉት። ሰማዩ ደመና ነበር፤ በሐሳቤ ዕቃዬን መጫን ጀምሬአለሁ። ከዚያ ደመናው ተገለጠ። ጋሽ ታፈሰ መነጽሩን ዓይናቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ።

«በልጣታለች» አሉ ቀስ ብለው። እትዬ አስካለ እልልታውን አቀለጡት። ኮከቧን እኔ የለኮስኳት ያህል ደረቴን ነፋሁ።

በማግስቱ ቴራስ ስወጣ ወንበሬ ተይዟል። ጋሽ ታፈሰ ጭናቸው ላይ አዲስ ደብተር ዘርግተው ተቀምጠዋል።

«ሰዓቱ አለፈ እኮ» አሉኝ። «መነጽሩን አምጣው።»