የጤናው ሰው ማክሰኞ ይመጣል

አያ ባዘዘውን ሳስበው መጀመሪያ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ግብር ሊከፍል ሲሄድ ነው። ሰው ግብር ሲጠራ ፊቱ ይጠቁራል፣ ሆዱን ያመመው ይመስላል። እሱ ግን ጋቢውን አሳጥቦ፣ ጺሙን አበጥሮ፣ ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል። ሌላ ሰው ከፊቱ ተሰልፎ ካገኘ ያኮርፋል። እኔ አዛለች የአጎቱ ልጅ ነኝ፤ ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። አፌ እንደማያርፍልኝም አገር ያውቃል። «አያ፣ ሠርግ ተጠርተህ ነው እንዴ?» እያልኩ አበግነው ነበር። እሱ ግን አይቆጣም። ቀኑ ሲደርስ እንደሚጠይቅ፣ ሳይሰጥ ግን በምን አፉ እንደሚጠይቅ ይነግረኛል። እኔ ደግሞ ማንን ነው የምትጠይቀው እለዋለሁ። እንዲህ ስንባባል ኖርን።

የምንኖረው ከገነተ ማርያም በላይ፣ ጥድ አፋፍ በምትባል ቀበሌ ነው። ማዶና ማዶ ጋራ ነው፤ መካከሉ ገደል ነው። ላሊበላ ለመድረስ ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ እንደገና ዳገቱን መውጣት ነው። ጤነኛ ሰው ማልዶ ተነሥቶ ሲመሽ ይደርሳል። የታመመ ሰው የሚሄደው በቃሬዛ ነው፤ የሚሸከሙትም የቅሬው ሰዎች ናቸው። ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ሲታመም የሚሸከመው የመንደር ማኅበራችን ቅሬ ይባላል። ለቅሬም እናዋጣለን። ለቅሬ የሰጠነው ግን የት እንደገባ እናውቃለን፤ ትከሻቸው ላይ እናየዋለን።

የባዘዘው ሚስት ገለቴ የሞተችው በዚያ ቃሬዛ ላይ ነው። ሁለተኛ ልጇን ልትወልድ አምጣ አምጣ ሲያቅታት ወደ ላሊበላ ይዘዋት ወረዱ። ባዘዘው ከፊት ነበር የተሸከመው። ወንዙ አጠገብ፣ ሾላው ሥር ሲደርሱ ድምጿ ጠፋ። መሞቷን ያወቀው ዞሮ ስላያት አይደለም፤ ሸክሙ ድንገት ከበደብኝ ይል ነበር። የሺሃረግ የምትባል ልጅ ቀረችለት። እናቷን የምትመስል፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ልጅ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሚስት አላገባም። ወደ ላሊበላ ሲሄድም ሾላው ሥር ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም ይሄድ ነበር።

ደርግ ገባ፤ ገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፤ መዋጮውም አብሮ መጣ። ለእናት አገር ጥሪ፣ ለመሠረተ ትምህርት፣ ለሴቶች ማኅበር፣ ለወጣት ማኅበር፣ ለማናውቀው በዓል እንሰጥ ነበር። እህሉም በኮታ ይሄዳል። አንድ ቀን ካድሬው መጥቶ ሐኪም ቤት ሊሠራላችሁ ነው፣ ድንጋዩንና እንጨቱን እናንተ ታመጣላችሁ፣ ቆርቆሮውን መንግሥት ያመጣል፣ ድሬሰር የሚባል አካሚና መድኃኒትም ይላክላችኋል አለን። ሕዝቡ ሰልችቶት ነበር። ያን ጊዜ ባዘዘው ተነሣ። ንግግር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ገለቴ እዚህ ደጅ ላይ የሚያያት ሰው ብታገኝ ዛሬ እዚህ ተቀምጣ ነበር፣ ይህን ብቻ ተናግሮ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ማን እምቢ ይላል? እኔ እንኳ ድንጋይ ተሸከምኩ።

እሱማ ቤቱን ረሳ ማለት ይቻላል። ለራሱ ጎጆ ብሎ የተከለውን ባሕር ዛፍ ቆርጦ ሰጠ። ያልመጣውን ሰው ቤቱ ድረስ እየሄደ ይለማመጣል። በሩን ደግሞ እሱ ነው ያሠራው። ከአባቱ የቀረለት የጥድ ጣውላ ነበረው፤ ልጁን ሲድር ለጎጆዋ በር ሊያደርገው ያስቀመጠው ነው። አውጥቶ ለአናጢው ሰጠው። ወፍራም፣ ከባድ፣ ሲከፈት የማይጮኽ በር ወጣው። ባዘዘው በእጁ እየዳበሰ ሲስቅ አይቼዋለሁ።

ሐኪም ቤቱ አለቀ። እንግዶች ከከተማ መጡ፣ ሪባን ቆረጡ፣ ጨበጨብን፣ በጋችንን በልተው ሄዱ። ድሬሰሩ በቅርብ ቀን ይመጣል አሉን። በሩ ተዘጋ፤ ቁልፉን ሊቀመንበሩ አለሜ ኪሱ ከተተው። ክረምት አለፈ፤ ሌላ ክረምት አለፈ። ያ ቅርብ ቀን የት እንደቀረ እንጃ። በዚህ ሁሉ ግብሩ አንድም ጊዜ አልቀረም፤ እሱ መንገዱ አይጠፋውም። ውስጥ አንዲት አስፕሪን የለችም፤ ስሚንቶውና ቆርቆሮው ብቻ ነው ያለው። ባዘዘው ግን ደጁን ይጠርጋል፣ ፍየል ያባርራል፣ ልስኑ ሲፈርስ መልሶ ይለስናል። መንደሩ ባዘዘው ቆርቆሮ ሚስት አገባ እያለ ይቀልድበት ነበር። እኔም ቀልጃለሁ፤ ምን ይደበቃል።

የሺሃረግ ውዱ የሚባል ረጋ ያለ ጎረምሳ አግብታ በሦስተኛው ዓመት አረገዘች። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለድ፤ እናት ስለሌላት አባቷ ቤት መጣች። እኔም እናቷ ሆኜ ጉድ ጉድ አልኩ። የገንፎውን ዱቄት አስቀድሜ አስፈጭቼ፣ ቅቤውን አንጥሬ አስቀምጬ ነበር።

በእኛ አገር ወሬ የሚመጣው በጥሪ ነው። የማኅበሩ ጠሪ ማዶ አፋፉ ላይ ይቆምና እጁን አፉ ላይ አድርጎ ቃሉን እየጎተተ ይጣራል። ገደሉ ደግሞ ተቀብሎ ይመልሰዋል። ነፋስ ካለ የቃሉን ፊት ገደሉ ይውጠዋል፤ ወደኛ የሚደርስ ጅራቱ ነው። ያን ቅዳሜ ነፋስ ነበር። ጠሪው ተጣራ፤ እኛ ዘንድ የደረሰው እንዲህ የሚል ነው፦

«…ጤናው ሰው ማክሰኞ ይመጣል! ሕዝቡ ይሰብሰብ!»

ባዘዘው ከበሩ ወጥቶ ጆሮውን አቀና። ጠሪው ደገመው፤ ያው ጤናው ሰው ነው የተሰማው። ባዘዘው ተንበርክኮ መሬት ሳመ። ሴቶቹ እልል አልን። ልጅቱ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አባዬ፣ መጣልህ» አለችው። አለሜም ወሬውን እንደኛው ነበር የሰማው፤ ቁልፉን አምጥቶ ሰጠው። ባዘዘው ያን ማታ የሐኪም ቤቱን የስሚንቶ ወለል በውሃ አጠበው።

እሑድ ምጧ መጣ። ሰኞ ረፋድ ላይ አዋላጇ እትዬ ስሜነሽ ሆዷን ዳበሰችና ፊቷ ተለወጠ። ወደ ውጭ ጠርታኝ ልጁ በአግድም ነው፣ ይህ ከእኔ እጅ ወጥቷል፣ ዛሬውኑ ተሸክመው ይውረዱ አለችኝ። የቅሬው ሰዎች ቃሬዛቸውን ይዘው ደረሱ። ባዘዘው ግን በሩ ላይ ቆመ።

«ገለቴን ተሸክሜ አይቼዋለሁ» አለ። «ልጄን በዚያ ሾላ ሥር አላሳልፍም። ሐኪሙ ነገ ከደጄ ይደርሳል። ይህን ሁሉ ዓመት የከፈልኩት ለዚች ቀን አይደለም ወይ?»

እና ማን ምን ይለዋል? ሐኪም ነገ ጠዋት እየመጣ፣ ምጥ የያዛትን ልጅ ገደል የሚያወርድ ሰው የት አለ? መንገድ ላይ ብታድር፣ ሐኪሙም ቢመጣና ቢያጣት፣ ያ አይቆጭም? ውዱም የአማቱን ቃል ተቀበለ። የቅሬው ሰዎችም ከማዶ መንደር እግሩ የተሰበረ ሰው ነበርና ቃሬዛውን ይዘው ወደዚያ ሄዱ። እኛ ልጅቱን ወደ ሐኪም ቤቱ ወሰድናት። ቁርበት አንጥፈን፣ ሐኪሙ እንደደረሰ እንዲያያት አስተኛናት። ሌሊቱን ሙሉ እጄን ይዛ አደረች። ሲነጋ ትጮኽ የነበረችው መጮኽ አቁማ ነበር።

ማክሰኞ ፀሐይ ሞቅ ሲል በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ታየ። ጥቁር ቦርሳ አንግቷል። ቦርሳውን ሲያዩ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ባዘዘው እየሮጠ ወርዶ ልጓሙን ያዘ፤ ጉልበት ሳመ። ሰውዬው ግራ ገብቶት «ምን ሆናችኋል?» ይላል፤ የሚሰማው የለም። እጁን ጎትቶ አስገባው፤ ልጅቱ ፊት አቆመው።

ሰውዬው እኛን አየ፣ ልጅቱን አየ፣ እንደገና እኛን አየ። ቦርሳውን የሚከፍት መስሎን አፋችንን ከፍተን እንጠብቃለን።

«እናንተ ሰዎች» አለ ቀስ ብሎ፣ «እኔ እኮ ለግብር ነው የመጣሁ።»

ባዘዘው ገና ፈገግታው ከፊቱ አልጠፋም ነበር። «የጤናው ሰው አይደሉም፣ ጌታው?»

«የወገል ጤናው ነኝ» አለ። «ምስጋኑ እባላለሁ። ከወገል ጤና ከተማ ተዛውሬ ነው የመጣሁ፤ በግብሩ በኩል።»

ያን ጊዜ ሁላችንም ገባን። ታች አገር ያለው ሕዝብ አዲሱን ግብር ሰብሳቢ በአገሩ ስም እየጠራ የወገል ጤናው ሰው ይለው ኖሯል። ጠሪውም እንደዚያው ተጣርቷል። ወገል የሚለውን ገደሉ በላው።

ባዘዘው አልጮኸም፣ ደረቱን አልደቃም። ቃሬዛው የት አለ ብሎ ጠየቀ። ማዶ ነው ተባለ። ከዚያ ወደ በሩ ሄደ። መዶሻ አምጥቶ ማጠፊያውን መታው፤ በሩን ነቅሎ መሬት ላይ ዘረጋው። የሺሃረግን ከነቁርበቷ በዚያ በር ላይ አጋደምናት። ላልዋሽ፣ ምስጋኑ ኮቱን አውልቆ ጥሎ አንዱን ማዕዘን ተሸከመ። ከፊት ባዘዘው፣ ከጎኑ ውዱ ነበሩ። እኔ ፊቷ ላይ ፀሐይ እንዳይመታት ነጠላዬን ዘርግቼ አጠገቧ እየተደናቀፍኩ ወረድኩ። አንድ ጊዜ ዓይኗን ገልጣ የአባቷን ጀርባ አየች፤ «አባዬን እንዳይደክመው» አለችኝ። ሌላ ቃል ከአፏ አልወጣም።

ሾላው ሥር ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ባዘዘው ቆመ። ወደ ኋላ ሳይዞር «አውርዷት» አለ። እውነቱን ነበር፤ ትንፋሿ ቆሟል።

በዚያው በር ላይ ተሸክመን መለስናት። ገነተ ማርያም፣ ከእናቷ አጠገብ ተቀበረች። ለልጁ ያስፈጨሁት ዱቄት ለተዝካሯ ሆነ። እስከ ዛሬ ገንፎ አልወድም።

ከአርባዋ በኋላ ግብር እንደገና ተጠራ። ምስጋኑ ያንኑ ሐኪም ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግቶ ተቀመጠ፤ ሌላ የቆርቆሮ ቤት የለንም። በሩ ስለሌለ ነፋሱ ወረቀቱን ይገልበዋል። ሰው ሁሉ ባዘዘው አይመጣም ብሎ ነበር። መጣ፤ ጋቢው ታጥቧል፣ ጺሙ ተበጥሯል። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀለት። የሚጠበቅበትን አንድ ሳያጎድል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ያን ጊዜ አለሜ የበሩን ነገር አነሣ። በሩ የሕዝብ ንብረት ነው፣ ወደ ቦታው ይመለስ አለ። እኔ ልተፋበት ምንም አልቀረኝም። ባዘዘው ግን ወደሱ እንኳ አልዞረም። ምስጋኑን ነው ያየው።

«ጌታው፣ መዝገቡን ያውቁታል። እኔ አንድ ዘመን ግብሬን አስቀርቼ አውቃለሁ?»

«አያውቁም፣ አባቴ» አለ ምስጋኑ።

«እንግዲያው የእኔን ማን አስቀረው?»

ያ ሁሉ ዓመት እጠይቃለሁ ሲል የኖረው ይህን ነበር። ምስጋኑ ራሱን አቀረቀረ። እሱም የታዘዘ ሰው ነው። ባዘዘው አመሰገነና ወጣ።

በሩን አልመለሰም። አለሜ ሁለት ሦስት ጊዜ ሰው ላከበት፤ በኋላ እሱም አፍሮ ተወው። በሩ ቤቱ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሐኪም ቤቱ ፍየል ገባበት፤ ባዘዘውም ማባረሩን ተወ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ገና በመጀመሪያው ሞተ፤ የነበረችውን እህል በኮታ ሰጥቶ፣ የቀረችውን ለውዱ አካፍሎ ነበር። የቅሬው ሰዎች ቃሬዛ ይዘው መጡ። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ አይሆንም አልኳቸው። ቃሬዛ አያስፈልገውም፣ የራሱ አለው አልኩ። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከፍሎ በእጁ የገባው ይሄ በር ብቻ ነው፤ በእሱ ይሂድ አልኳቸው።

የቅሬው ሽማግሌዎች በሩን አውርደው አጠቡት፤ ባዘዘውን አጋደሙትና ወደ ገነተ ማርያም ይዘውት ወረዱ።