ዶክተር ነው ያሉት ሽማግሌዎች

በወጣትነቴ የምሠራውን ሥራ ለሰው ማስረዳት አልችልም ነበር። ጥፋቱ የእኔ አይመስለኝም፤ ሥራው ራሱ ስም አልነበረውም። ነቀምቴ በአንድ ሐኪም ቤት ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል፣ መስኮት ሥር በተቀመጠ ማይክሮስኮፕ ደም፣ አክታና ሰገራ እመረምር ነበር። ሰዉ የሚመረመረውን ነገር በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ ወይም በክብሪት ቀፎ አድርጎ ያመጣል። ሴቶቹ በነጠላቸው ይሸፍኑታል፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ትልቅ ስጦታ የሚያቀርቡ ይመስል በሁለት እጃቸው ይሰጡኛል። እኔም በሁለት እጄ እቀበላለሁ። ሌላ ምን ላድርግ?

ሰፈር ውስጥ «ሰገራ የሚያየው» ነበር የምባለው። የደመወዝ ቀን ደግሞ የምሰለፈው «ልዩ ልዩ ሠራተኛ» ከሚባሉት ከዘበኛው፣ ከአትክልተኛውና ከልብስ አጣቢዎቹ ጋር ነው። አልናቅኋቸውም። አትክልተኛው እንዲያውም የልብ ወዳጄ ነበር። ግን እሱስ ቢያንስ አትክልተኛ ይባላል።

ሥራውን ያስተማሩኝ የሐኪም ቤቱ ፈረንጅ ዶክተር ናቸው። ከስድስተኛ ክፍል አስወጥተው ሲወስዱኝ «እጅህ አይንቀጠቀጥም፣ ይህ ለእኔ ይበቃኛል» አሉ። ለእሳቸው በቃቸው። ደም በመስተዋት ላይ እንዴት እንደሚዘረጋ፣ ቀለሙን እስኪጠጣ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ የደረቀውን ደም ዝንብ እንዳይልሰው በምን እንደሚከደን ሁሉንም አሳዩኝ። ከደዴሳ ቆላ የሚመጣውን ወባ ከሩቅ እንደሚመጣ ዘመድ በመልኩ ለየሁት። ያኔ ሥራዬን ወደድኩት፤ ዛሬም ብጠየቅ ወደድኩት ነው የምለው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ላገባት የፈለግኋትን፣ ከነቀምቴ በታች ካለው ከኡኬ የመጣችውን ልጅ ያየኋት ነቀምቴ በተደረገ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ላይ ነው። ከመዘምራኑ መካከል ቆማ፣ ዜማው ሲሳሳት ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነክሳ ነበር። እኔም የሳቅሁት በዚያው ስሕተት ስለሆነ ተያየን። አባቷ በቆሎና ቡና የሚያመርቱ፣ በምእመናን ዘንድ ቃላቸው የሚታመን ሰው ናቸው። እኔ አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደገኝ የእናቴ ወንድም ነው፤ በኦሮምኛ ኤሱማ እለው ነበር። ኤሱማ ነገሩን ሲሰማ ሽማግሌ አሰባስቦ፣ በቅሎ ተውሶ፣ ኡኬ ወረደ። በእኛ ዘንድ ልጅ ሲጠየቅ ጠያቂው ራሱ አይሄድም። ሽማግሌዎቹ የሚሉትን ይላሉ፤ እሱ ቤቱ ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላል።

ኤሱማ ሲመለስ ከበቅሎው ሳይወርድ «ደስ ይበልህ፣ ተሰጠችህ!» አለኝ።

«ምን ብላችሁ ጠየቃችሁ?»

«ምን እንላለን? ልጃችን ዶክተር ነው አልን።»

«ኤሱማ፣ እኔ እኮ ዶክተር አይደለሁም!»

«ነጭ ትለብሳለህ?»

«እለብሳለሁ።»

«መርፌ ትይዛለህ?»

«ደም ለመቅዳት እይዛለሁ።»

«ከፈረንጁ ጋር በአንድ በር ትገባላችሁ?»

«እንገባለን፣ ግን...»

«ታዲያ ምንድነህ?»

ለዚህች ጥያቄ መልስ ቢኖረኝ ኖሮ ኑሮዬ ሌላ በሆነ ነበር። ተመልሰው እንዲያስተካክሉልኝ ለመንኩ። ኤሱማ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። ሽማግሌ በሰው ቤት፣ የሰው ዘመድ በተሰበሰበበት የተናገረውን ማን ሄዶ ይመልሰዋል? የፊተኞቹ ዋሽተዋል የሚሉ ሌሎች ሽማግሌዎች ይላኩ? ደግሞ ውሸት አልመሰላቸውም። ነጭ የለበሰ ሁሉ ለእነሱ ዶክተር ነው፤ ካልሆነም ይሆናል። ለጥቅማቸው ብለው ቢሆን እጣላቸው ነበር፤ ያበላሹኝ ግን በፍቅር ነው።

ብዙም አልቆየ፣ የልጅቷ እናት ታመሙና አባቷ ወደ ሐኪም ቤቱ አመጧቸው። ሰልፉን አልፈው፣ በሩ ላይ ለቆመው ዘበኛ «ዶክተሩ አማቼ ነው» ብለው በቀጥታ ፈረንጁ ዘንድ ገቡ። ፈረንጁ አልገባቸውም። ስሜ ሲጠራ ቁስል የምታሽግ አንዲት ድሬሰር አባትየውን ክንዳቸውን ይዛ፣ ኮሪደሩን አሳልፋ፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ አደረሰቻቸው። እኔ ጎንበስ ብዬ የኮባ ቅጠል እየፈታሁ ነበር።

በሩ ላይ ቆመው አዩኝ። ሰላምታ ሰጥተውኝ ተመለሱና ሚስታቸውን ይዘው የሰልፉ መጨረሻ ላይ ቁጭ አሉ። ተራቸው እስኪደርስ ድረስ በመስኮቴ ይታዩኛል። ሮጬ ወጥቼ እጃቸውን ልይዝ ፈለግሁ፤ ምን ብዬ? እናትየው ታክመው መድኃኒት ከተቀበሉ በኋላ አባትየው ብቻቸውን ተመልሰው መጡ።

«ኢልመ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ይህ ሥራ ስሙ ምንድነው?»

«ላቦራቶሪ ይባላል፣ አባቴ።»

«እሱ የቤቱ ስም ነው። አንተ ምን ትባላለህ?»

በአማርኛም አሰብኩ፣ በኦሮምኛም አሰብኩ። የለም።

«ስማ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ ገበሬ ነኝ፤ ከፋንድያ ጋር ነው የምውለው። ሥራህን ንቄ እንዳይመስልህ። ግን ሽማግሌዎችህ በቤቴ፣ በወገኔ ፊት አንድ ነገር ተናገሩ። እኔም ለሰው ሁሉ ተናገርኩ። አሁን ልጄን ላልተባለ ነገር ብሰጥ ማን ያምነኛል? ዶክተር ሁን አልልህም። ትምህርት ቤት ግባና ስም ያለው ነገር ሆነህ ና። እኔ እጠብቅሃለሁ፤ ለሌላ አልሰጣትም።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የተቆጣ ሰው ይለመናል፤ ትክክለኛ ሰው ምን ተብሎ ይለመናል?

ልጅቷን ከዚያ በኋላ ነቀምቴ ገበያ አገኘኋት። እናቷ ቅቤ ሲሸጡ እሷ ወደ ጨው ተራ መጣችልኝ። «ለእኔ ስሙ ምኔም አይደለም» አለችኝ። «ግን አባቴ ቃል ከሰጠ እናቴም እኔም አንመልሰውም። ማሎ፣ ቶሎ በል።» ማሎ እባክህ ማለት ነው፤ እሷ ስትለው ግን ከእባክህ የባሰ አንጀት ይበላል። ቶሎ እላለሁ ብዬ ማልኩላት።

ቶሎ ለማለት ያልሞከርኩት የለም። ፈረንጁ ዶክተር አዲስ አበባ ላለው የጤና መሥሪያ ቤት ጻፉልኝ፤ መልስ አልመጣም። እኔ ራሴ በጭነት መኪና፣ አቧራ እየቃምኩ፣ አዲስ አበባ ሄድኩ። «ነገ ና» ተባልኩ፤ ነገም «ነገ ና» ተባልኩ። ያረፍኩበት ዘመዴ ፊቱ መጥቆር ሲጀምር አንድ ሹም አስገቡኝ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ወንበር ሰጡኝ።

«የት ተማርህ?» አሉኝ።

«ዶክተሩ ናቸው ያስተማሩኝ።»

«ዶክተሩ ትምህርት ቤት ናቸው?»

ከልባቸው ነው የጠየቁት። አይደሉም አልኩ። እንግዲያው ሙያህን የምንመዘግብበት መንገድ የለንም፣ ወደ ሥልጠናም የምትላከው ሐኪም ቤትህ ሲመርጥህ ነው አሉና እስከ በሩ ሸኙኝ። በመልሱ ጉዞ ባኮ ላይ መኪናው ተበላሽቶ መንገድ ዳር ስንቀመጥ አለቀስኩ። ሾፌሩ ሆዴን ያመመኝ መስሎት ኮሶ ጠጣ አለኝ።

ፈረንጁ ወደ አገራቸው ተመለሱና በቦታቸው ኢትዮጵያዊ ዶክተር መጣ። ወጣት፣ ትጉህ፣ ሰው የሚያከብር ነው። ሥልጠና እንዲልከኝ ለመንኩት።

«አንተን ከላክሁ ማን ያይልኛል?» አለኝ። «ያለ አንተ እኮ ዕውር ነኝ።»

እንዲህ ያለ ምስጋና እስከዚያ ቀን ሰምቼ አላውቅም። ምስጋናው ግን የትምህርቱን በር ዘጋብኝ። እጄ ባይረጋ ኖሮ፣ ወባውን ከሌላው ባልለይ ኖሮ በደስታ ይልከኝ ነበር። ለሐኪም ቤቱ የሚያስፈልግ ሰው ሆንኩና ቀረሁ። እኔ ግን ሞኝ ነኝ፣ ተስፋ አልቆረጥኩም፦ ተተኪ ላሠልጥን አልኩ። ከሕሙማን ክፍል ድሬሰሮች አንዱን፣ በዕድሜ እኩያዬ የሆነውን፣ ለመንኩት። ከሥራ ሰዓት በፊት እየመጣ፣ ፈረንጁ እኔን እንዳስተማሩኝ አስተማርኩት። ጎበዝ ነበር፤ እጁም አይንቀጠቀጥም። በለጋነቴ ያየሁትን ደስታ በእሱ ፊት ላይ ሳይ ራሴን የማየው እየመሰለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የሥልጠናው ዕድል በመጨረሻ መጣ። ለሐኪም ቤቱ የተሰጠው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የሚፈለገውም ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ። እኔ ስድስተኛ ላይ ነው የተወሰድኩት። እሱ ጨርሷል።

ዶክተሩ ሲነግረኝ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። «እኔ ብሆን አንተን ነበር የምልከው» አለ። ድሬሰሩም ቤቴ ድረስ መጥቶ «አልሄድም፣ አንተን ዘልዬ አልሄድም» እያለ አለቀሰ። ሂድ አልኩት። ምን አድርጎ ይቅር? እሱ ቢቀርም እኔ አልላክም። ለመንገድ የሚሆን ካልሲ ገዝቼ ሰጠሁት። እሱ ከሄደ በኋላ እኔ ከቀድሞው ይበልጥ የማልነቃነቅ ሆንኩ፤ ሁለተኛ ሰው የለማ።

የምጣላው ሰው ቢኖረኝ እንዴት በታደልሁ። ኤሱማ በፍቅር፣ አባትየው በቃላቸው፣ ሹሙ በደንቡ፣ ዶክተሩ በበሽተኞቹ፣ ሁሉም ልክ ነበሩ። በሁሉም ትክክለኛነት መካከል የቀረሁት እኔ ነኝ።

ክረምት ሄዶ ክረምት መጣ። አንድ የበቆሎ ወቅት፣ የልጅቷ አባት ቆላ ወርደው እህል ሲጠብቁ ንዳድ ይዟቸው መጡ። በዚያን ቀን ሰልፉን አላለፉም። ተራቸው ሲደርስ ጣታቸውን ወግቼ ደማቸውን መስተዋት ላይ ዘረጋሁ። ቀለሙ እስኪይዝ መጠበቅ ነበረብን። በጋቢያቸው ተጠቅልለው፣ እየተንቀጠቀጡ፣ ወንበሬ ላይ ተቀመጡ።

«ትምህርት ቤቱስ?» አሉኝ።

«ሌላ ሰው ተላከ፣ አባቴ።»

«አንተስ መቼ?»

ምድጃ ላይ ውኃ የሚጠብቅ ሰው ይመስል ቀለሙን ማየት ያዝኩ።

«ከጊዳ አያና አገር አንድ አስተማሪ ሽማግሌ ላከብኝ» አሉ። «ቃል አለብኝ ብዬ መለስኳቸው። ከእሱ በፊትም የመለስኳቸው አሉ። እኩዮቿ ልጅ አዝለዋል፣ ኢልመ ኮ። እኔ ቃሌን አላፈርስም፤ የታሰርኩት ለአንተ ነውና የምትፈታኝ አንተ ነህ። እውነቱን ንገረኝ። የምጠብቀው ነገር አለ?»

አለ ልል አፌን ከፈትኩ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ አለ ማለት ፈልጌ ነበር። ቀላል ነበር፤ አንድ ክረምት ደግሞ ይጠብቁልኝ ነበር፣ ከዚያም ሌላ። እሷም ትጠብቃለች። ምኑን? የልብስ ማጠቢያውን በር አየሁ፣ ማይክሮስኮፑን አየሁ፣ ብርድ የሚያንዘፈዝፋቸውን ሽማግሌ አየሁ።

«አይጠብቁ» አልኩ።

እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። መዳፋቸው ትኩሳት ነበረው። «ዋቀዮ ሲ ሃ ኤቢሱ» ብለው መረቁኝ፤ እግዚአብሔር ይባርክህ ማለታቸው ነው። እንዳልጮህ መስተዋቱን ከቀለሙ አጥቤ ማይክሮስኮፑ ሥር አደረግሁት።

«አገኘኸው?» አሉኝ።

«አገኘሁት። ወባ ነው።»

«እንግዲያው መድኃኒቱን ስጠኛ።»

«ለእኔ አይፈቀድም፣ አባቴ። ዶክተሩ ነው የሚያዘው። እዚያ አግዳሚው ላይ ይቀመጡ፣ ይጠሩዎታል።»

አዘኑልኝ። ከሁሉ የከፋው እሱ ነበር። ግድግዳውን ይዘው ወጡ።

በመስኮቱ ስመለከት ልጅቷ ግቢው ውስጥ፣ የአባቷን በቅሎ ልጓም ይዛ ቆማለች። አብራቸው መምጣቷን አልነገሩኝም ነበር። አባቷ ገና ወደ እሷ አልደረሱም፤ ምንም አታውቅም። ቀና ስትል አየችኝና፣ እንደ ጉባኤው ቀን ከንፈሯን ነክሳ፣ ሰው እንዳያያት ዙሪያዋን ቃኝታ፣ እጇን አነሳችልኝ።

እኔም አነሳሁላት።