ሻምፒዮኑ ሽምግልና የሄዱ ዕለት

ወንድይራድ መጀመሪያ ያስተዋለው አቋቋማቸውን ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የጠዋቱ አውቶቡስ ጥምዝ ሲል ወጣቱም ጎልማሳውም ብረት ላይ ይንጠለጠላል። እኚህ ሽማግሌ ግን በሰማንያ አራት ዓመታቸው መሐል ወለል ላይ ቆመው ምንም አይዙም። አውቶቡሱ ወደ ግራ ሲያዘነብል ጉልበታቸው ይለዝባል፤ ፍሬን ሲይዝ ተረከዛቸው በስሱ ይነሳና ይመለሳል፤ ሸክላ ውስጥ እንደተቀመጠ ውሃ ትንሽ ይወዛወዛሉ እንጂ አይፈሱም። ወንድይራድ የኤርፖርት ሹፌር ነው፤ በዚያን ዕለት መኪናው ጋራዥ ገብታበት ነው አውቶቡስ የተሳፈረው። አፉን ከፍቶ ሲያያቸው መውረጃው አለፈው።

"አባባ፣ ይቀመጡ እንጂ" አላቸው ቦታውን ለቆ።

"ቁጭ ያለ ሰው ለመምታት ይመቻል፣ ልጄ" አሉና ሳቁ።

ለካ የሚኖሩት አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ እሱ ሦስተኛ ፎቅ፣ እሳቸው ስምንተኛ። ስማቸው ገብረየስ ይባላል። በስማቸው የሚጠራቸው ግን የለም፤ የሕንፃው ሰው በሙሉ፣ ሳልቫዶራዊው የጽዳት ሠራተኛ ሳይቀር፣ "ሻምፒዮን" ይላቸዋል። ወንድይራድ የቁልምጫ ስም መስሎት ነበር፤ ሰው ሹፌሩንም "አለቃ" ይል የለ። እውነተኛ ሻምፒዮን መሆናቸውን ያወቀው ቀስ በቀስ፣ ሊፍት ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ፓርኪንግ ላይ በተቆራረጠ ወሬ ነው።

ገብረየስ በወጣትነታቸው ወፍጮ ቤት ኩንታል ተሸካሚ ነበሩ። ከዚያ ወታደር ቤት ገቡ፤ እዚያ አንድ ኮስታራ ሃምሳ አለቃ እጃቸውን አገላብጦ አየና የቡጢ ጓንት አጠለቀላቸው። በሃምሳዎቹ አጋማሽ የጦር ሠራዊቱ የመካከለኛ ሚዛን ቡጢኛ ሆኑ፤ ብዙም ሳይቆዩ የአገሩን ሻምፒዮንነት ወሰዱ፤ ዓመት ቢመጣ ዓመት ቢሄድ የሚነጥቃቸው ጠፋ። ውድድሩ አንዳንዴ በሲኒማ ቤት መድረክ ላይ ገመድ ተዘርግቶ ይካሄድ ነበር። ቲኬት ያላገኘ ሰው ውጪ ቆሞ በጭብጨባው ብቻ ማን እንደመታ ይገምታል። ፀጉር ቤቶች ውስጥ "እንደ ገብረየስ ቁረጠኝ" የሚል ጎረምሳ በዛ፤ ልጁን ገብረየስ ብሎ የሰየመ ታክሲ ነጂም ነበር አሉ። ከዚያ አብዮቱ መጣና ገመዱ ተጠቀለለ። እሳቸውም መጋዘን ጠባቂ ሆነው ዕድሜያቸውን ገፉ።

ልጃቸው ዲቪ ደርሷት አሜሪካ ስትገባ፣ ቆይታ አስመጣቻቸው። እዚህም አርፈው አልተቀመጡም፤ ለብዙ ዓመት አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ሲያጥፉ ኖሩ። አሁን ጡረታ ወጥተው፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ጠዋት በሕንፃው መሰብሰቢያ ክፍል እናቶችን ያሠለጥናሉ። ወንድይራድ አንድ ቀን በሩን ከፍቶ ቢያይ፣ ነጠላ ያደገደጉ አሮጊቶች በሁለት መስመር ተሰልፈው ባዶ አየር ይደበድባሉ። ወይዘሮ ንግስት የሚባሉት ከፊት ሆነው "ይቺ ለስኳሬ! ይቺ ለደም ግፊቴ! ይቺ ደግሞ ለምራቴ!" እያሉ ቡጢ ይሰነዝራሉ።

"ክርን ወደ ውስጥ፣ ንግስት!" ይላሉ ሻምፒዮኑ። "ምራትሽ በክንድሽ ሥር ገብታ ትመታሻለች።"

ወንድይራድ የዚያን ጠዋት ሥራ የሄደው እየሳቀ ነው።

ባለፈው መስከረም የሻምፒዮኑ የልጅ ልጅ ኦላና ወንድይራድ ቤት መጥቶ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አርሊንግተን የሚሠራ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ዓይኑ ግን የሕፃን የሆነ ልጅ ነው። ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ያለች ሀሴት የምትባል ልጅ ሊያገባ ይፈልጋል። አባቷ ካረፈ ጀምሮ ያሳደጓት የእናቷ አባት ናቸው። ልጅቷም "አባባ ካልመረቀኝ አይሆንም" ብላለች። ስለዚህ ሽማግሌ መላክ አለበት፤ በሽምግልና ደግሞ በሲልቨር ስፕሪንግ የወንድይራድን ያህል ስም ያለው የለም። እሱን ሽማግሌ የላከ ሁሉ አግብቷል።

"ሌሎቹ ሽማግሌዎች እነማን ናቸው?" አለ ወንድይራድ።

"አንዱ ጋሽ አበጀ ናቸው። አንዱ ደግሞ…" ኦላና አንገቱን አከከ። "አያቴ ካልሄድኩ ብሏል።"

ወንድይራድ ስምንተኛ ፎቅ ወጣ። "ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ባለጉዳይ ነዎት። የራስ አያት ሽማግሌ ይሆናል እንዴ?"

"አልናገርም። አንተ ትጋጠማለህ፤ እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ውሃ አቀብልሃለሁ። ጥግ ላይ ሰው የሌለው ተጋጣሚ አይተህ ታውቃለህ?"

ወንድይራድ ተሸነፈ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በወንድይራድ መኪና ቤልትዌይ የሚሉትን የቀለበት መንገድ ይዘው ወረዱ። ዛፎቹ መቅላት ጀምረዋል። አቶ አበጀ ከኋላ ሆነው ስለ ኢንሹራንስ ዋጋ ያማርራሉ፤ ሻምፒዮኑ ጋቢና ተቀምጠው፣ አዲስ ክራባት አስረው፣ በመስኮት ያያሉ። ስካይላይን የሚባሉት የመኖሪያ ፎቆች ከሩቅ ሲታዩ "እዚያ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ሐበሻ ነው የሚባለው እውነት ነው?" አሉ። ወንድይራድ "ሊፍቱ ብቻ ነው ፈረንጅ" አላቸው።

አሌክሳንድሪያ ደርሰው በሩን ሲያንኳኩ የከፈተችው እታለማሁ ነበረች፣ የሀሴት እናት። ሳሎኑ ውስጥ አንድ ረጅም፣ ቀጭን አዛውንት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ አቶ ዓብዩ ናቸው። "ግቡ፣ ተቀመጡ" ማለት ወግ ነው፤ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ማለትም ወግ ነው። ሦስቱ ሽማግሌዎች ምንጣፉ ላይ ቆሙ። ወንድይራድ ጉሮሮውን ጠራርጎ የታወቀውን ንግግሩን ጀመረ፤ ስለ ጥሩ ዘር፣ ስለ ጥሩ ማሳ፣ ስለ ኦላና ጨዋነት ተናገረ። መሐል ላይ ግን አንድ ነገር ገታው፤ አዛውንቱ እሱን እየሰሙት አይደለም። ዓይናቸው ሻምፒዮኑ ላይ ተተክሏል።

"አቶ ገብረየስ ይሆኑ?" አሉ ንግግሩን አቋርጠው።

"ነኝ፣ ጌታዬ።"

"አላወቁኝም?"

ሻምፒዮኑ ቀረብ ብለው ትክ ብለው አዩአቸው። "ይቅርታዎን። ቤተ ክርስቲያን ተያይተን ይሆን? ወይስ ለቅሶ ቤት?"

"ለቅሶ!" አቶ ዓብዩ ወንበራቸውን መቱ። "ሰው በተሰበሰበበት፣ ሦስት ዙር ሙሉ አጥንት ላጥንት የተቀጣቀጥን ሰዎች፣ ለቅሶ? የምድር ባቡሩ ዓብዩ ነኝ! ከድሬዳዋ! በሃምሳ ስምንት፣ ለሻምፒዮናው!"

ወንድይራድ ወደ ጋሽ ገብረየስ ዞረ። ፊታቸው ላይ ያየው፣ ቁልፉ የጠፋበት ሰው ኪሱን ሁሉ ሲዳብስ የሚታይበትን ጭንቀት ነው። ፈለጉ፤ ፈለጉ፤ አላገኙም።

"እንዴት ይረሳሉ!" አለ ወንድይራድ ፈጠን ብሎ። "ሁልጊዜ እኮ ነው ስምዎን የሚያነሱልን…"

"አላነሳሁም" አሉ ሻምፒዮኑ። "በሰው ቤት ቆመን አንዋሽ፣ ወንድይራድ።"

አቶ ዓብዩ ጀርባቸውን ለወንበሩ ሰጡ። ድምፃቸው ቀነሰ፤ ይህ ደግሞ ከቁጣው ይብሳል። "እንግዲህ ሰማችሁ። የአያቷን ፊት የረሳ ቤት ነገ የእሷን ስም ቢረሳ ማን ይፈርድላታል? ልጄን አልሰጥም።"

"አባዬ!" አለች እታለማሁ። ከኩሽና ውስጥ አንድ ነገር ወድቆ ተንኮሻኮሸ፤ ሀሴት በሩ ጀርባ ቆማ ስትሰማ ኖሯል። አቶ አበጀ የወንድይራድን እጅጌ እየሳቡ "ቀጠሮ ጠይቅ፣ ቀጠሮ" ይላሉ። ወንድይራድ የኦላና ዓይን መጣበት። ምን ብሎ ይነግረዋል?

"አቶ ዓብዩ" አሉ ሻምፒዮኑ በዝግታ። "እኔ የተጋጠምኩትን ሰው ፊት አላውቅም። የማንንም አላውቅም። ሃምሳ አለቃችን 'ፊት ውሸታም ነው፣ ዓይን ያታልላል፤ ትከሻ ግን ሳይናገር አይመታም' ይሉን ነበር። ፊት ስናይ ከያዙን በልምጭ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ያየሁት ትከሻ ነው።" አንድ እርምጃ ቀረቡ። "ካልከበድዎ ተነሥተው ትከሻዎን ያሳዩኝ።"

አቶ ዓብዩ የወንበሩን ክንድ ተደግፈው ተነሡ። ኮታቸውን አወለቁና ለልጃቸው ሰጡ። ቀኝ እግራቸው ወደ ፊት ወጣ፤ ቀኝ እጃቸው ወደ ፊት ተዘረጋ፤ ግራው አገጫቸው ሥር ተቀመጠ። ወንበር ላይ አዘምመው የነበሩት ሽማግሌ የሉም፤ ምንጣፉ ላይ የቆመው የተወጠረ ቀስት ነው። ወንድይራድ ሳያውቀው ጠረጴዛውን ከመንገድ ገፋው።

የአቶ ዓብዩ ግራ ትከሻ እምብዛም በማይታይ ሁኔታ ዝቅ አለ።

ገና እጁ ሳይሰነዘር የጋሽ ገብረየስ ጭንቅላት ማንንም ሳያስፈቅድ ወደ ጎን ሸሸ፤ ክርናቸው ጎናቸውን ሸፈነ። ራሳቸውም ደነገጡ። ቀጥሎ የመጣው ጩኸት ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ።

"አንተ! ግራኙ!"

"አዎ!" ጮኹ አቶ ዓብዩ።

"ግራህን ከመሰንዘርህ በፊት ትከሻህን ዝቅ ታደርጋለህ! አሁንም አልተውክም?"

"አልተውኩም!"

"አንደኛው ዙር ላይ ሳላውቅብህ ጎድኔ ሥር ገባህ እኮ!" ሻምፒዮኑ ወደ ሁሉም ዞሩ፤ እጃቸው፣ እግራቸው፣ ክራባታቸው ሁሉ ያወራል። "ስሙኝ፤ አየር የሚባል ነገር ከአዲስ አበባ ጠፋ! ጥግ ላይ ስቀመጥ ሃምሳ አለቃ ውሃ ሲያቀብሉኝ 'ያለነው የማን አገር ነው?' ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳምንት ሙሉ ሰው እንዳያስቀኝ እለምን ነበር፤ ስስቅ ጎድኔ ይወጋኛል። እንደዚህ ሰውዬ ግራ ያለ ግራ አልቀመስኩም!"

ሀሴት ከኩሽና ወጣች። ፎጣ በእጇ ይዛለች። "ዌይት… አባባ፣ ሲሪየስሊ? ሪል ነው?"

"ስነግርሽ 'ሹር፣ አባባ' እያልሽ ትስቂ ነበር" አሉ አቶ ዓብዩ። "ይኸው፤ ካሸነፈኝ ሰው ስሚው። ይኼን ሁሉ ዓመት አሜሪካ ስኖር 'ቡጢኛ ነበር' ብሎ የሚመሰክርልኝ አንድ ሰው አጣሁ። ለካ ምስክሬ ወንዝ ማዶ ቁጭ ብሎ፣ እሱም ረስቶኝ!"

"አሁን አልረሳሁህም።"

"አሁንማ አትችልም።"

ሁለቱ ተያይዘው ሳቁ፤ ሳቁ እየቆየ ወደ ክርክር ዞረ። ሻምፒዮኑ "በነጥብ፣ በግልጽ ነው ያሸነፍኩህ" ሲሉ፣ አቶ ዓብዩ "ዳኛው የናንተ ሰው ነበር" አሉ። "ዳኛው ግሪክ ነበር!" "ግሪኩ ለጦር ሠራዊት ጫማ ያቀርብ አልነበረም እንዴ?" ነገሩ ጦፈ። ወንድይራድ የተበላሸ ሽምግልናውን የሚያቃናበት ቀዳዳ ያገኘ መሰለው።

"አባቶቼ" አለ እጁን ዘርግቶ፣ "ዛሬ የደስታ ቀን ነው። ውጤቱን አቻ እናድርገውና…"

ሁለቱም ባንዴ ዞሩበት።

"ሻምፒዮንነቴን ለጥሎሽ አልሰጥም!" አሉ ገብረየስ።

"ምን አቻ ትለኛለህ?" አሉ አቶ ዓብዩ፣ ከእሳቸውም ብሰው። "እሱ ሻምፒዮን ካልነበረ እኔን ማን አሸነፈኝ? መንገደኛ? ይኼ ሰው በአገሩ አንደኛ ነበር፤ እኔ እሱን ጎድኑን ይዞ እንዲቀመጥ ያደረግኩ ሰው ነኝ። አርፈህ ተቀመጥ!"

ወንድይራድ አርፎ ሊቀመጥ ሲል ነው የሰማውን ያስተዋለው። እታለማሁ አባቷን አየች፤ ሀሴት እናቷን አየች።

"ተቀመጡ አልኩ" አሉ አቶ ዓብዩ፣ ኮታቸውን መልሰው እየለበሱ። "ሦስታችሁም። ልጄን ሰጥቻለሁ።"

እልልታው ሲቀልጥ የጎን ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ፤ እታለማሁ ባሰባት እንጂ አልተወችም። አቶ አበጀ የመጀመሪያውን ብርጭቆ አንስተው "እኔ ቀጠሮ ጠይቅ ብዬው ነበር" ይላሉ። ሀሴት ለኦላና ልትደውል ስልኳን ይዛ መኝታ ቤት ሮጠች፤ "ባቢ፣ የስ አሉ! ግን ፋይት ነበር!" የሚለው ድምጿ በበሩ ሥር ወጣ። አቶ ዓብዩ መለስ እንዳለች ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው መረቋት፤ ሻምፒዮኑም በተራቸው መረቁና፣ ሲጨርሱ ትከሻዋን በጣታቸው መታ መታ አድርገው "ግራኝ ነሽ?" አሏት። ቀኟን የምትጠቀም ነበረች። ሁለቱም ሽማግሌዎች ትንሽ ቅር አላቸው።

ሲወጡ ፀሐይዋ ፓርኪንጉን ወርቅ ቀብታው ነበር። አቶ ዓብዩ እንግዶቻቸውን ሊሸኙ ወርደዋል። አቶ አበጀ ከኋላ ገብተው ቀበቷቸውን አሰሩ። ወንድይራድ የጋቢናውን በር ከፍቶ ቆመ።

"ጋሼ፣ ትራፊኩ ሳይበዛ እንውጣ።"

"ሦስተኛውን ዙር ሳንጨርስ?" አሉ ጋሽ ገብረየስ። "ይኼ ሰውዬ ሦስተኛውን እኔ ነኝ የወሰድኩት ይለኛል። እስከዚያች ጥግ ሸኝቶኝ እመለሳለሁ።"

"እሱ ነው እንጂ እኔን የሚሸኘኝ" አሉ አቶ ዓብዩ።

"ኧረ ጋሼ፣ ከዚያ ጥግ ማዶ ሃይዌይ ነው!"

ሁለቱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው በእግረኛው መንገድ ላይ ሄዱ፤ አንዱ ሲያወራ ሌላው ቆሞ እየተከራከረ፣ እንደገና እየሄዱ። ወንድይራድ የመኪናውን በር እንደያዘ ቀረ። የዛፎቹ ጥላ ሲደርሱ የአቶ ዓብዩ ግራ እጅ ወደ አየር ወጣ፤ ጋሽ ገብረየስ ዝቅ ብለው አመለጡት፤ ጥጉንም አልፈው፣ ሳይዞሩ፣ እየሳቁ ራቁ።