የአቶ ከዲሮ ትኩስ ወተት

አቶ ከዲሮ አሰላ ገበያ ቅቤ ነጋዴ ነበሩ። የሚገዙት በምላሳቸው ነው፤ ከየቅሉ በጣታቸው ጫፍ ነካ አድርገው ይቀምሱና ባዕድ ነገር የገባበትን ይለያሉ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲቀምሱ ኖረው፣ በ1951 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያያቸው የውጭ አገር ሐኪም ደማቸው ውስጥ ስብ እንደ በዛ ነገራቸው። ክኒንና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ይዘው ወደ እኔ መጡ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተማርሁ፣ በአንዲት ነጥብ ጉድለት ደብዳቤ የምመልስ የመዝገብ ቤት ሹም ነኝ። በጥሩ እጅ ጽሑፍ ተረጎምሁላቸው፤ «ቅቤና ጮማ ይተዉ። ክኒኑን ከምግብ ጋር ይዋጡ። በትኩስ መጠጥ አይዋጡት።» ቁጥርም ሰጠሁት።

በሦስተኛው ቀን ባለቤታቸው ወይዘሮ ዙቤዳ ቢሮዬ ድረስ መጡ።

«የኑዛዜ ወረቀት ይዘህ ና። ሰውዬው እየነደደ ነው።»

አቶ ከዲሮ አልጋ ላይ ተቀምጠው ደረታቸውን ያካሉ። ፊታቸው በርበሬ መስሏል።

«ገብረሥላሴ፣ ይህ ክኒን ገደለኝ። ሁለተኛ አልነካውም። ጻፍ!»

«እኔ ከዲሮ» ብዬ ጀመርሁና እጄ ቆመ። «በምንድን ነው የዋጡት?»

«እንዳዘዝኸኝ ነዋ! ትኩስ ወተት በአፌ አልዞረም። የትናንቱን አፍልታልኝ በእሱ ነው የምውጠው።»

«እንፋሎቱ ዓይን ያጠፋል» አሉ ዙቤዳ፣ በኩራት።

ለካ ላም ላለው ሰው «ትኩስ መጠጥ» ማለት አሁን የታለበ ወተት ነው። የሐኪሙን ወረቀት እንደገና አነበብሁ። «የሚያቃጥል መጠጥ የክኒኑን ፊት ማቅላት ያብሳል፤ ቅላቱ ግን ያልፋል» ይላል። ትርፍ ነገር ነው ብዬ የዘለልሁት መስመር ነበር።

«እና አልሞትም?»

«በክኒኑ አይሞቱም። በእኔ ትርጉም ግን እንጃ።»

«ኮሌጅ ላም የለም እንዴ?» አሉኝ ዙቤዳ።

ቅላቱ ሳልወጣ ለቀቃቸው። የጀመርሁትን ኑዛዜ ሰርዤ ከሥሩ «በቀዝቃዛ ውኃ» ብዬ ጻፍሁ። ክኒኑን አልተዉም። ቅቤ ግን ቀምሰው መትፋት ጀመሩ፤ ሻጮቹ ሴቶች ተቀየሟቸው።

አቶ ከዲሮ ባለፈው ጥር አረፉ። ዙቤዳ ወረቀቱን ከትራሳቸው ሥር አግኝተው መለሱልኝ። መዝገብ ቤት ላስገባው አሰብሁ። ስርዝ ያለበት ሰነድ አይገባም የሚለውን ደንብ ያወጣሁት ግን እኔው ነኝ። ስለዚህ በኮቴ ኪስ ውስጥ ነው ያለው።