እንደ ሉዙም

እትዬ አረብኛ አይችሉም ብሎ ፊታቸው የሚናገር ሰው ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ውስጥ አልነበረም። ቢኖርም እሳቸው ምግብ ቤት ገብቶ አይበላም። ከፖሊስ ጋር የሚከራከሩት፣ ለአገር ልጅ ቤት የሚያከራዩት፣ የታመመ ይዘው ሐኪም ዘንድ የሚቀርቡት እሳቸው ነበሩ። የእኔ አረብኛ ያኔ ከ“ያላ” እና ከ“ላዚም” ብዙም አያልፍም። ላዚምን የተማርኩት እዚያው ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር ሰው ቤት ስሠራ ነው። ማዳሟ ከእንቅልፌ የምትቀሰቅሰኝም የምታስተኛኝም በዚችው ቃል ነበር፤ ላዚም ወለሉ ይጠረግ፣ ላዚም ሸሚዙ ይተኮስ። ግዴታ ነው ማለት ነው። እንዴት እንደጠላኋት አትጠይቁኝ።

ከዚያ ቤት ወጥቼ እትዬ ዘንድ አስተናጋጅ ሆኜ ስገባ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። ከምግብ ቤቱ ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየሁ። ጠባብ ብትሆንም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሬን የምቆልፈውም የምከፍተውም እኔ ነበርኩ። ይህን ባገኘሁ በዓመቱ አስም ያዘኝ። አገሬ እያለሁ ሳል እንኳ ደፍሮኝ አያውቅም፤ ካርቱም ግን አቧራ በተነሳ ቁጥር ደረቴ ይታፈናል፣ ትንፋሼ ያፏጫል። ያየኝ ሁሉ የሚመክረኝ አንድ ነገር ነው፤ ይሄ አገር አልተስማማሽም፣ አገርሽ ግቢ። እትዬም ሳይቀሩ ወደ መተማ የሚሄድ የሚያውቁት ሰው ሲገኝ ይዞኝ እንዲሄድ ነገሩን ጨርሰውታል። እኔን የጠየቀኝ የለም። መሄድ አልፈለግኩም። ነገር ግን መተንፈስ ያቃተው ሰው እዚህ እኖራለሁ ብሎ በምን አፉ ይከራከራል?

እንግዲህ ከእትዬ ጋር ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሙ ጆሮው ላይ ባደረገው ነገር ደረቴን አዳመጠና ወረቀት ጻፈልን። ፋርማሲስቱ አንዲት ሰማያዊ ዕቃ አወጣ፤ ሱዳኖቹ በኻኽ የሚሏት፣ ወደ አፍ የምትነፋዋን። ከኋላችን ሰው ተሰልፏል፤ ስለዚህ ለእትዬ የነገራቸው አንዲት ነገር ብቻ ነች። “ዒንደ ልሉዙም” አለ። እትዬ እንደ ገባው ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ምን አለ?” አልኳቸው ውጭ ስንወጣ።

“እንደ ሉዙም። እንደ ላዚም ነው ያለሽ። ግዴታ ነው።” ትንሽ አሰቡና ጨመሩበት። “ግዴታ የሆነ ነገር ደግሞ ሰዓት አለው። ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ። ከዚያ እንዳታሳልፊ፣ ሱስ ያስይዛል።”

ሱሷን ከየት እንዳመጧት እግዜር ይወቅ፤ ፋርማሲስቱ አልተነፈሳትም። እኔ ግን አመንኳቸው። “እንደ”ን ከአማርኛችን፣ “ሉዙም”ን ከአረብኛቸው ወስደን ሁለታችን መድኃኒት አዘዝን ማለት ነው። ከዚያ ቀን ወዲያ ጠዋት ፊቴን ታጥቤ አንዴ እስባለሁ፣ ማታ ከመተኛቴ በፊት አንዴ እስባለሁ። ደረቴ ደህና ሆኖ ሳለም እወስዳለሁ። ቀትር ላይ ሲያፍነኝ ግን ሰዓቷ አልደረሰም ብዬ ጥርሴን ነክሼ እቀመጣለሁ።

ሀቡቡ የመጣው ምሳ አቅርበን እንደጨረስን ነው። ሀቡብን ያላየ ሰው አቧራ አይቻለሁ ባይል ይሻለዋል። ከደቡብ በኩል ቡናማ ግድግዳ ቆሞ መጣና በአንድ አፍታ መንገዱ፣ ማዶ ያለው ሱቅ፣ ሰማዩም ጠፋ። በርና መስኮት ዘጋን። አቧራው በስንጥቁ ገባ። እኔ መጀመሪያ ሳልኩ፤ ከዚያ ማሳሉም አቃተኝ። አየሩ ይገባል፣ አይወጣም። እትዬ መከዳ አምጥተው መሬት ላይ አስተኙኝ፤ ስተኛ ጭራሽ ባሰብኝ። ደንበኞቹ ከበቡኝ፤ አንዱ በካርቶን ያራግባል፣ አንዱ ሎሚ አፍንጫዬ ላይ ይደቅናል።

“መድኃኒት የላትም?” አለ አንዱ።

“አላት” አሉ እትዬ። “የማታዋን አሁን ከወሰደች ማታ ምን ልትወስድ ነው?”

ታምኑኛላችሁ? እኔም በጣቴ “ልክ ናቸው” የሚል ምልክት ሰጠሁ። መድኃኒቷ ቦርሳዬ ውስጥ ናት፣ ቦርሳዬ እራስጌዬ ነው፣ እኔ ትንፋሽ አጥቼ ልሞት ነው፤ ግን ሰዓቷ አልደረሰም። ላዚም የምትለኝን ሴትዮ ቤት ለቅቄ ብወጣም ቃሏ ከእኔ አልወጣም ነበር።

ከንፈሬ ሲጠቁር እትዬ ደነገጡ። ነጠላቸውን ውሃ ነክረው አፍና አፍንጫዬ ላይ ጣል አደረጉና በረክሻ፣ በእኛው ባጃጅ፣ ይዘውኝ ወጡ። ሹፌሩ መብራት አብርቶ፣ አንገቱን ወደ ውጭ አውጥቶ መንገዱን እየዳበሰ ነዳ። እትዬ መንገዱን ሁሉ በአማርኛም በአረብኛም ፈጣሪን ለመኑ። በየቱ እንደተሰሙ አላውቅም፤ ብቻ ደረስን።

ሆስፒታሉ ውስጥ እንፋሎት የሚወጣበት ጭምብል ፊቴ ላይ አደረጉልኝ። ያ እንፋሎት ደረቴን ሲከፍተው የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ በቃል ልገልጸው አልቻልኩም፤ አለቀስኩ። ስረጋጋ አንዲት ወጣት ዶክተር መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። በእትዬ በኩል በኻኽ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየኋት።

“ታዲያ ምነው አልወሰድሽም?”

“ሰዓቷ አልደረሰም ነበር።”

እትዬ ጣልቃ ገብተው በዚያ በሚኮሩበት አረብኛቸው አስረዷት፤ ላዚም ነው፣ ግዴታ ነው፣ ጠዋትና ማታ። ዶክተሯ መሳቅ ጀመረች፤ ከዚያ ነገሩን አሰበችና ሳቋን ዋጠች። “ያ ኻልቲ” አለቻቸው፣ ሱዳን አክስት ሲሉ ነው፤ “ላዚም ግዴታ ነው። ዒንደ ልሉዙም ግን ባስፈለገ ጊዜ ማለት ነው። ሲያፍናት። ልክ እንደ ዛሬው።”

እትዬ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ፣ ቀስ ብለው “‘እንደ’ የእኛው ‘እንደ’ አይደለም እንዴ?” አሉ። ያን ሰዓት ብነክሳቸው ደስ ባለኝ። ግን ፊታቸውን ሳየው አመድ መስሏል፤ አንጀቴን በሉት።

ከዚያ በኋላ ዶክተሯ “አሁን እርስዎ አይተርጉሙ” ብላ ለእኔው ለራሴ፣ በቀላል አረብኛ፣ በእጇ እያሳየች ነገረችኝ። የፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ታች በጋለ ሽቦ በሳችና በኻዃን ሰካችበት። ሲያፍንሽ አትተኚ፣ ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ። በኻዃን በደንብ ነቅንቂ። የጠርሙሱን አፍ በከንፈርሽ ግጠሚ፣ አንዴ ብቻ ተጫኚ፣ ከጠርሙሱ ቀስ እያልሽ ደጋግመሽ ተንፍሺ። ትንሽ ቆይተሽ እንደገና ነቅንቂና ድገሚ፤ ሁለቴ ሦስቴ አከታትለሽ አትጫኚ። እስከ አስር ጊዜ መጫን ትችያለሽ። አስር ደርሶ ካልተሻለሽ፣ ወይ እየባሰብሽ ከሄደ፣ እቤት አትቆዪ፤ በመንገድም እየወሰድሽ ነይ። እጅሽ ቢንቀጠቀጥ፣ ልብሽ በፍጥነት ቢመታ አትደንግጪ፣ መድኃኒቷ ናት። ሱስም አታስይዝም። ሌላ ቡናማ በኻኽ ደግሞ ሰጠችኝ። ጠዋትና ማታ፣ ደህና ብትሆኚም፣ ከዚያ አፍሽን ተጉመጥሞጪ፤ ላዚሟ ይቺ ናት አለችኝ። ሰማያዊዋን አሁንም አሁንም የምትፈልጊ ከሆነ ግን በሽታው አልተገራምና ተመልሰሽ አሳዪኝ።

“አገሬ ልግባ?” አልኳት።

“መግባት ከፈለግሽ ግቢ” አለች። “በአስም ምክንያት ግን አትግቢ።”

በሚቀጥለው ዓመት፣ ዝናቡ ሳይጥል፣ ሀቡቡ እንደገና መጣ። ምግብ ቤቱ ውስጥ እኔና እትዬ ብቻ ነበርን። ደረቴ መታፈን ሲጀምር ፍርሃቴን ልነግራችሁ አልችልም፤ መድኃኒቷ ባትሠራስ? ጠረጴዛው ላይ ክርኔን አስደግፌ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ነቀነቅኩ፣ ተጫንኩ፣ ተነፈስኩ። ቆየሁ። ደገምኩ። እትዬ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው የረክሻውን ሹፌር “ቆይ፣ እንዳትሄድ” እያሉ በሩ ሥር ቆመዋል። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ መድኃኒቷ ናት አልኩ ለራሴ። እንደገና። ፉጨቱ እየቀጠነ ሄደ።

“አውሪ” አሉኝ እትዬ።

“ምን?”

“ያገኘሽውን። ዶክተሯ አንድ ነገር ተናግራ መጨረስ ካቃታት አምጧት ብላኛለች።”

ምን እንደምናገር አላሰብኩም። አፌ ራሱ ተከፈተ። “ወጡ ላይ ጨው ያበዛሉ፣ ሰው ፈርቶዎት ነው እንጂ ወዶ አይደለም ዝም የሚለው፣ ማራገቢያው ከተበላሸ ዘመን ሆኖታል፣ እኔን ሳይጠይቁ ለሰው መተማ ውሰዳት ያሉት በማን ፈቃድ ነው፣ ሰውዬውም ቢመጣ አልሄድም፣ እዚሁ ነው የምኖረው” አልኩ፤ ያለ ማቋረጥ፣ በአንድ ትንፋሽ።

እትዬ ስልኩን ዘጉት። ካርቱም በኖሩበት ሃያ ዓመት ውስጥ እንዲህ የተናገራቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። መጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

“ጨረስሽ?”

“አልጨረስኩም።”

“እሰይ” አሉ። “ቀጥዪ።”